በኢንተርኔት የሚገኘውን ትምህርት ስለ መፈለግና ስለ መመርመር

ቀድሞ ትምህርት የሚሻ ተማሪ አኵፋዳውን አንግቶ ደበሎውን ለብሶ ከደብር ወደ ደብር ይዞር ነበር። ድጓ ለመማር ወደ ቤተ ልሔም፤ ዝማሬና መዋሥዕት ለመማር ወደ ዙር አምባ፤ ቅኔ ለመማር ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ጎንጅ ይሄድ ነበር እንጂ፤ ሁሉን በአንድ ደጅ አገኛለሁ ብሎ አይቀመጥም ነበር። ከመነሣቱም አስቀድሞ መምህሩ በየትኛው ትምህርት የታወቀ እንደ ሆነ፣ ከማን እንደ ተማረ፣ ከእርሱ ዘንድ የወጡት ደቀ መዛሙርትም የት እንደ ደረሱ ይጠይቃል። ባልታወቀ ደጅ ሦስት ዓመት ከርሞ፤ የተማረው ዜማ ስሑት ነው የተባለ እንደ ሆነ ያን ሁሉ ዘመን መልሶ ማግኘት አይቻልምና።

በዛሬው ዘመን ግን የዓለም ትምህርት እጅግ ብዙው ክፍል ኢንተርኔት በሚባለው መረብ ላይ ተዘርግቶ ይገኛል። ሒሳብ፣ ሥነ ፍጥረት፣ ታሪክ፣ ሕክምና፣ እርሻ፣ የልዩ ልዩ አገር ቋንቋ፣ የጥንት የብራና መጽሐፍ ሳይቀር፤ ስልክ በእጁ ላለና መረቡ ለሚደርሰው ሰው ሁሉ በደጁ ቀርቦለታል። መንገዱ አጠረ፤ ጥያቄው ግን አልተለወጠም። ይህ ትምህርት የማን ነው? መቼ ተጻፈ? ማንስ መረመረው? ብሎ መጠየቅ ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ ያስፈልጋል። በጉባኤ ወንበር ዘርግቶ ለማስተማር ብዙ ዓመት መማርና በመምህር መመስከር ግዴታ ነበር፤ በኢንተርኔት ላይ ግን ማንም ሰው ማናቸውንም ነገር ጽፎ በአንድ ሰዓት ውስጥ ለዓለም ሁሉ ሊያሳይ ይችላል።

ይህም ነገር ከከተማ ይልቅ በገጠር ትምህርት ቤት ይከብዳል። የከተማ ልጅ አስተማሪው የተሳሳተ ነገር ቢነግረው ከቤተ መጻሕፍት ወይም ከታላቅ ወንድሙ ሌላ ነገር ሊሰማ ይችላል። ሦስትና አራት ልጆች አንድ መጽሐፍ በሚካፈሉበት መንደር ግን፤ አስተማሪው በጥቍር ሰሌዳ ላይ የጻፈው ነገር በዚያው ቀን ማታ ወደ እያንዳንዱ ቤት ይገባል፤ እናትና አባትም ሰምተው ይሠሩበታል።

አስቀድሞ ይህ ሁሉ ትምህርት ያለ ዋጋ ስለ ምን እንደ ተሰጠ ማወቅ ይጠቅማል፤ ነጻ የተሰጠውንና ተሰርቆ የተበተነውን ለመለየት ይረዳልና። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት፤ ተለይቶ ካልተነገረ በቀር፤ በኤውሮጳ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው። በ1971 ዓመት ማይክል ሀርት የተባለ የአሜሪካ ሰው በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒዩተር እንዲሠራበት ተፈቅዶለት፤ የአገሩን የነጻነት ዐዋጅ በእጁ ጽፎ ለማንም ሰው እንዲደርስ በዚያ አኖረው። ፕሮጀክት ጉተንበርግ የተባለው የመጻሕፍት ስብስብ ከዚህ ተጀመረ፤ ዛሬ ከ70 ሺህ በላይ መጻሕፍት አሉበት። እነዚህም በአብዛኛው የባለቤትነት መብታቸው ዘመን ያለፈባቸው የቀድሞ መጻሕፍት ናቸው። በ2001 ዓመት ደግሞ ኤም አይ ቲ የተባለው የአሜሪካ ከፍተኛ ትምህርት ቤት፤ መምህራኑ የሚያስተምሩበትን ጽሑፍ ለዓለም ሁሉ በነጻ እንደሚሰጥ አስታወቀ፤ ከዚያም ወዲህ ከ2,500 በላይ ትምህርቶችን አውጥቷል። በዚያው ዓመት የተቋቋመው ክሪኤቲቭ ኮመንስ የሚባለው ማኅበር፤ ደራሲ ሥራውን ለሕዝብ ሲሰጥ ምን ምን እንደ ፈቀደ በአጭር ምልክት የሚገልጽበትን የፈቃድ ዐይነት ሠራ። አንዱ ፈቃድ የደራሲውን ስም ብቻ መጥራትን ይጠይቃል፤ አንዱ ለንግድ እንዳይሆን ይከለክላል፤ አንዱም ቃሉ እንዳይለወጥ ያዝዛል። አስተማሪ የወደደውን ጽሑፍ አባዝቶ ለልጆች ከማደሉ በፊት ይህን ምልክት ሊመለከት ይገባዋል። ነጻ የተሰጠውን ትምህርት ገልብጠው በገንዘብ የሚሸጡ ሰዎች አሉና፤ ዋጋ የተጠየቀ እንደ ሆነ ያው ነገር ከባለቤቱ ዘንድ ያለ ዋጋ ይገኝ እንደ ሆነ አስቀድሞ መፈለግ ነው። የባንክ ቍጥር ወይም የምሥጢር ቃል የሚጠይቅ ገጽ ግን ወዲያው ይዘጋ።

እንግዲህ ለየትምህርቱ ወደ የትኛው ደጅ ይኬዳል? የመጀመሪያው ደጅ ቅርብ ነው፤ የትምህርት ሚኒስቴር በድረ ገጽ የሚያወጣቸው የተማሪና የአስተማሪ መጻሕፍት ናቸው። እነዚህ መጻሕፍት በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋሉ፤ ዳሩ ግን በዚያ መንገድ የሚመጣው አንዳንዱ ገጹ የጐደለ፣ አንዳንዱም የቀድሞው ሥርዐተ ትምህርት መጽሐፍ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ሽፋኑንና የታተመበትን ዓመት ሳይመለከቱ ማስተማር አይገባም።

ለሒሳብ ካን አካዳሚ የሚባለው የታወቀ ነው። አመጣጡም እንዲህ ነው። ሳልማን ካን የተባለ ሰው በ2004 ዓመት በሌላ ከተማ የምትኖር አንዲት ታናሽ ዘመዱ ሒሳብ ስለ ከበዳት በስልክና በኮምፒዩተር ያስጠናት ጀመር፤ ሌሎችም ዘመዶች ሲበዙበት በ2006 ዓመት ትምህርቱን በድምፅና በሥዕል እየቀረጸ በዩቲዩብ አኖረው፤ በ2008 ዓመትም ለትርፍ የማይሠራ ድርጅት አደረገው። የዚህ ትምህርት ጥቅሙ ተማሪው ያልገባውን ክፍል ደጋግሞ መስማት መቻሉ ነው፤ ደካማውን ልጅ ማንም አይሥቅበትም። ጕዳቱ ግን በእንግሊዝኛ የሚነገር መሆኑ ነው፤ ስለዚህ በታችኛው ክፍል አስተማሪው ራሱ ሰምቶ በልጆቹ ቋንቋ ቢያስተምር ይሻላል እንጂ ልጆቹን በስልክ ፊት አስቀምጦ መሄድ አይገባውም።

ለሥነ ፍጥረት፤ የሙከራ ዕቃ በሌለበት ትምህርት ቤት ፌት የሚባለው ሥራ ትልቅ ረዳት ነው። ይህን በ2002 ዓመት በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው ካርል ዋይማን የተባለው የፊዚክስ ሊቅ ነው፤ እርሱም በ2001 ዓመት የኖቤልን ሽልማት ከተቀበሉት አንዱ ነበር። ተማሪው ሽቦውን፣ ባትሪውንና አምፖሉን በሥዕል እያገናኘ፤ መብራቱ መቼ እንደሚበራና መቼ እንደሚጠፋ ያያል። ብዙዎቹም አንድ ጊዜ ከወረዱ በኋላ ያለ መረብ ይሠራሉ። ለከፍተኛ ክፍሎች ደግሞ በቴክሳስ የሚገኘው ራይስ ዩኒቨርሲቲ ከ2012 ዓመት ጀምሮ ኦፐንስታክስ በሚል ስም የሚያወጣቸው የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪ፣ የሥነ ሕይወትና የሌላም ትምህርት መጻሕፍት ሙሉ ሆነው በነጻ ይገኛሉ። ንባብ ለሚጀምሩ ሕፃናትም በደቡብ አፍሪካ የተጀመረው አፍሪካን ስቶሪቡክ፤ በህንድ የተጀመረውም ስቶሪዊቨር በአማርኛ ጭምር ሥዕል ያላቸው አጫጭር ተረቶች አሏቸው፤ የአንዳንዱ ተረት ትርጕም ግን አማርኛው ጣዕም ስለሌለው፤ ቋንቋ የሚያውቅ ሽማግሌ አስቀድሞ ቢያነበውና ቢያቀናው መልካም ነው።

ሽማግሎችን ይልቁን ደስ የሚያሰኛቸው ሌላ ደጅ ነው። ከ1970ዎቹ ዓመታት ጀምሮ በኢትዮጵያ ገዳማትና አድባራት የሚገኙትን የብራና መጻሕፍት በፊልም የማንሣት ሥራ ተሠርቶ፤ ወደ 9 ሺህ የሚደርሱ መጻሕፍት ተነሥተው ነበር። የእነዚህ ግልባጭ በአሜሪካ በሚኒሶታ ክፍል በሚገኘው ሂል የብራና መጻሕፍት ቤት ተጠብቆ ኖሮ፤ ዛሬ ብዙው በኢንተርኔት ይታያል። ስሙን ያስመዘገበ ሰው ያለ ዋጋ ገጹን እየገለጠ ሊያነብ ይችላል። በሩቅ ደብር ተቈልፎ የሚኖረውን ገድል ወይም ተአምር በመንደሩ ተቀምጦ ማንበብ፤ ለአባቶቻችን ቢነገራቸው ኖሮ እንደ ሕልም በቈጠሩት ነበር።

ስለ ሁሉም ነገር ጥቂት ጥቂት ማወቅ ለሚሻ ሰው ውክፔዲያ የተባለው የዕውቀት መዝገብ አለ። በ2001 ዓመት በጃንዋሪ ወር ተጀመረ፤ ከ300 በሚበልጡ ቋንቋዎችም ይጻፋል። የእንግሊዝኛው ከ6 ሚሊዮን በላይ ርእሶች ሲኖሩት፤ የአማርኛው ወደ 15 ሺህ ገደማ ብቻ ነው፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ጥቂት መስመር ብቻ ናቸው። ማንም ሰው ሊጽፍበትና ሊያርመው ስለሚችል፤ በገጹ ግርጌ ምስክር የተደረጉትን መጻሕፍት መመልከት ያስፈልጋል። ምስክር የሌለው ቃል ወሬ ነው።

ደጁን ካወቁ በኋላ ቃሉን አስተካክሎ መጻፍ ዋና ነገር ነው፤ በዚህም የአማርኛ አንባቢ ችግር አለበት። ለዓለም ፊደላት ሁሉ ቍጥር እየሰጠ የሚመዘግበው ዩኒኮድ የተባለው ሥርዐት የኢትዮጵያን ፊደል የተቀበለው በ1999 ዓመት ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የኮምፒዩተር ሠሪ በራሱ ልማድ ይጽፍ ስለ ነበር፤ በዚያ ዘመን የተጻፈው ብዙው ጽሑፍ ዛሬ ሲከፈት ትርጕም የሌለው ምልክት ሆኖ ይታያል፤ በፍለጋም አይገኝም። ዩኒኮድም ቢሆን ሀ፣ ሐ እና ኀን፤ ሰ እና ሠን፤ አ እና ዐን፤ ጸ እና ፀን ለየብቻቸው ቍጥር ሰጥቷቸዋል። ይህ መልካም ነው፤ በግእዝ ሠረቀ ማለት ወጣ፣ ሰረቀ ማለት ግን የሰውን ገንዘብ ወሰደ ነውና፤ እንዲሁም መሀረ አስተማረ፣ መሐረ ደግሞ ይቅር አለ ማለት ነውና። ነገር ግን ዛሬ ብዙ ጸሓፊ ይህን ልዩነት ትቶ እንደ ወደደ ስለሚጽፍ፤ ፀሐይ የሚለው አንድ ቃል ፀሐይ፣ ፀሀይ፣ ፀኀይ፣ ጸሐይ፣ ጸሀይ፣ ጸኀይ ተብሎ በስድስት ዐይነት ሊጻፍ ይችላል። አንዳንዱ የፍለጋ መሣሪያ እነዚህን አንድ አድርጎ ሲቈጥራቸው፤ አንዳንዱ ግን ስድስት ልዩ ልዩ ቃላት አድርጎ ያያቸዋል። ሒሳብ ብሎ የፈለገ ሰው ሂሳብ ተብሎ የተጻፈውን መጽሐፍ ሳያገኝ ይቀራል፤ ሥነ ሕይወት ብሎ የፈለገም ስነህይወት ተብሎ የተያያዘውን አያገኝም።

ስለዚህ ፈላጊው አስቀድሞ በትክክለኛው ፊደል ይጻፍ፤ ባላገኘም ጊዜ ሕዝብ የለመደውን ስሕተት እያሰበ በዚያም ይሞክር። ቃሉንም ባዕድ ከምዕላድ ሳይጨምር በባዶው ይጻፈው፤ ስለ ወባ፣ የወባ፣ ከወባ ከማለት ወባ ብሎ ብቻ መፈለግ ይበልጥ ያስገኛል። ዳግመኛም ለአንድ ነገር ሁለት ስም ሊኖር ይችላል፤ የቀድሞ ሰዎች ንዳድ የሚሉትን የዛሬ ሐኪሞች ወባ ይሉታል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ያላገኘ እንደ ሆነ በእንግሊዝኛው ስም ይፈልግ፤ የሳይንሱም ትምህርት አብዛኛው በዚያ ነው። የፊደል ጠባይ በሚታወቅበት በቤተ ክህነት ትምህርት ያደገ ሽማግሌ በዚህ ሥራ ለወጣቱ አስተማሪ ከማንም በላይ ሊረዳው ይችላል።

የታሪክ ዓመት ሲገለበጥም ጥንቃቄ ያሻል። የዐድዋ ጦርነት በውጭ ድረ ገጽ 1896 ተብሎ ይገኛል፤ በአገራችን አቈጣጠር ግን 1888 ዓ.ም ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አስተማሪው ግን ሳይለይ ቢገለብጥ በተማሪው ደብተር ሁለት የዐድዋ ጦርነት ይፈጥራል።

አሁን ነገሩ ሁሉ በምሳሌ እንዲታይ፤ አንድ የቈላ አገር አስተማሪ ስለ ወባ ሊያስተምር አሰበ እንበል። ወባ ብሎ ቢፈልግ አጫጭር የአማርኛ ጽሑፎች ያገኛል። ከጉተንበርግ ወይም ከሌላ የጥንት መጻሕፍት ስብስብ ደግሞ ነጻና ያማረ የሕክምና መጽሐፍ ቢያወርድ፤ በሽታው ከረግረግ ከሚወጣ መጥፎ አየር ይመጣል የሚል ቃል ሊያነብ ይችላል። መጽሐፉ ውሸታም አይደለም፤ በዘመኑ የታመነውን ጻፈ። የበሽታው የእንግሊዝኛ ስም ማላሪያ ራሱ በኢጣልያ ቋንቋ መጥፎ አየር ማለት ነው። ላቬራን የተባለው የፈረንሳይ ሐኪም በ1880 ዓመት በአልጄሪያ በበሽተኛ ደም ውስጥ ተውሳኩን አየ፤ ሮናልድ ሮስ የተባለውም የእንግሊዝ ሐኪም በ1897 ዓመት በህንድ ተውሳኩን በወባ ትንኝ ሆድ ውስጥ አገኘ። ከዚያ በፊት የተጻፈ መጽሐፍ ሁሉ ይህን አያውቅም።

አስተማሪው ይህን ተረድቶ ወደ አዲስ መጽሐፍ ቢሻገር፤ በ2010 ዓመት የተጻፈ መልካም መጽሐፍ ያገኛል እንበል። ይህ መጽሐፍ የወባ ትንኝ በረግረግና ዝናብ ባቈረው ውሃ እንደምትራባ፤ በገጠርም እንደምትበረታ ያስተምረዋል። ይህም እውነት ነው፤ ግን ሙሉ አይደለም። በ2016 ዓመት አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለች፤ ቀድሞ በእስያ አገር ትታወቅ የነበረች የወባ ትንኝ በኢትዮጵያ በሶማሌ ክልል በቀብሪ ደሀር ከተማ ተገኘች። የዚህች ትንኝ ጠባይ ልዩ ነው፤ ሰው ለቤቱ ባጠራቀመው ውሃ፤ በበርሜል፣ በታንከርና በግንባታ ጕድጓድ ትራባለች፤ በከተማም ትኖራለች፤ በደረቅ ወራትም አትጠፋም። በ2022 ዓመት በድሬዳዋ ለተነሣው የወባ ወረርሽኝ ምክንያት መሆኗን መርማሪዎች አስረድተዋል። እንግዲህ በ2010 ዓመቱ መጽሐፍ የሚያስተምር ሰው፤ ልጆቹን ረግረጉን አድርቁ ይላቸዋል እንጂ የውሃችሁን በርሜል ክደኑ አይላቸውም። ስለ ወባ ክትባትም ምንም አይነግራቸውም፤ የዓለም ጤና ድርጅት የመጀመሪያውን የወባ ክትባት ለሕፃናት እንዲሰጥ የመከረው በ2021 ዓመት፤ ሁለተኛውንም በ2023 ዓመት ነውና። ልዩነቱ የአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ በእናት ቤት ግን የሕፃን ሕመም ማለት ነው። ስለ ጤና፣ ስለ መድኀኒትና ስለ ተባይ መርዝ የሚያስተምር ሰው የጽሑፉን ዓመት ሳያይ አንድ ቃል እንኳ በሰሌዳ ላይ አይጻፍ፤ የዓለም ጤና ድርጅትንና የጤና ሚኒስቴርን ገጽም ይመልከት። ለክፍልፋይና ለሰዋስው ትምህርት ግን ይህን ያህል መጨነቅ አያስፈልግም፤ የመቶ ዓመት መጽሐፍም ያገለግላል።

ከ2022 ዓመት ኖቬምበር ወር ወዲህ ቻትጂፒቲና እርሱን የሚመስሉ፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባሉ መሣሪያዎች ለሕዝብ ተከፍተዋል። ጥያቄ ቢጠየቁ እንደ ሰው መልስ ይሰጣሉ፤ ከባድ ጽሑፍም ያቀልላሉ፤ መልመጃም ያወጣሉ። ዳሩ ግን ያልኖረ መጽሐፍ ስም ጠርተው፣ ያልተናገረውን ሰው ተናገረ ብለው፣ የማያውቁትን እንደሚያውቁ ሆነው ሊመልሱ ይችላሉ፤ ቃሉም የተስተካከለ ስለ ሆነ አንባቢው አይጠረጥርም። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ቤት የመታ ሁሉ ምሥጢር የለውም። ስለዚህ እነዚህን እንደ መንገድ ጠቋሚ ቈጥሮ፤ የነገሩትን ከታወቀ መጽሐፍ ሄዶ ማመሳከር ነው እንጂ በእነርሱ ቃል ብቻ ማስተማር አይገባም።

መረቡ በማይደርስበት ወይም የኢንተርኔት ጥቅል ዋጋ በሚከብድበት መንደርም ቢሆን ተስፋ መቍረጥ አይገባም። ኪዊክስ የሚባለው ሥራ ከ2007 ዓመት ጀምሮ ውክፔዲያንና ሌሎችን ስብስቦች ያለ መረብ እንዲነበቡ አድርጎ ያዘጋጃል። የእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ከነሥዕሉ 100 ጊጋ ባይት ገደማ ቦታ ይወስዳል፤ የአማርኛው ግን እጅግ ያነሰ ስለ ሆነ በማናቸውም ስልክ ሚሞሪ ካርድ ላይ ይገባል። ኮሊብሪ የሚባለው ደግሞ የካን አካዳሚንና የፌትን ትምህርት ጨምሮ ብዙ ነገር በአንድ ኮምፒዩተር ላይ አኑሮ፤ በክፍል ውስጥ ያሉ ስልኮች ከዚያው ኮምፒዩተር እንዲያነቡ ያደርጋል፤ ራስቤሪ ፓይ የምትባለው የእጅ መዳፍ የምታህል ርካሽ ኮምፒዩተርም ለዚህ ትበቃለች። አስተማሪው ወደ ወረዳ ከተማ በወጣ ጊዜ አንድ ቀን ተቀምጦ ቢያወርድ፤ የሚበቃው ለመንፈቅ ዓመት ነው። በሌላ አገር የተቀመጠ ነገር ሁልጊዜ ክፍት ሆኖ ይኖራል ብሎ መታመን ስለማይገባ፤ የጠቀመውን ማውረድ ይሻላል። በ2023 ዓመት በኦክቶበር ወር በለንደን የሚገኘው የእንግሊዝ ቤተ መጻሕፍት በኮምፒዩተር ወንበዴዎች በተመታ ጊዜ፤ በኢንተርኔት ይታዩ የነበሩት የብራና መጻሕፍቱ ለብዙ ወራት ተዘግተው ነበር።

ለወረደው ትምህርት ሁሉ አስተማሪው አንድ ደብተር ያዘጋጅ። በዚያም የጽሑፉን ስም፣ ያወጣውን ተቋም ወይም የደራሲውን ስም፣ የተጻፈበትን ዓመት፣ ያወረደበትን ቀንና ለየትኛው ክፍል እንደሚሆን ይጻፍ። ካርዱም ሁለት ቢሆን፤ አንዱ በትምህርት ቤቱ ሣጥን፣ ሁለተኛው በታመነ ሽማግሌ ቤት ይቀመጥ። የሚቀመጥበትም ስፍራ ከምድጃ ጢስና ከውሃ የራቀ ይሁን፤ በየዓመቱም ትምህርት ከመጀመሩ በፊት በነሐሴ ወር ደብተሩ ተገልጦ ስለ ጤናና ስለ እርሻ የተጻፈው እንደ ገና ይመርመር፤ ያረጀውም ተለይቶ ይውጣ።